የስፖርት ፕሮግራም ስትመርጡ የምትቀሩባቸውን ቀናት ቁጠሩ



ባለትዳሮች ስለ ጤናቸው ሲጨዋወቱ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ልጀምር አስቤአለሁ፤ ግን የትኛውን ፕሮግራም ልምረጥ?» የሚል ነው። አንዱ ጓደኛ በሳምንት አምስት ቀን ብረት ግፋ ይላል። ሌላው ፑሽ አፕ ብቻ ይበቃል ይላል። በስልክ የሚመጣው ቪዲዮ ደግሞ በ30 ቀን ሌላ ሰው ትሆናላችሁ ብሎ ይምላል። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን በትክክል የመረጡት ሰዎች ለጥቂት ሳምንታት ሠርተው፣ የሠሩትን ጽፈው፣ ከዚያም በጻፉት ላይ ቁጭ ብለው የተነጋገሩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ብዙ ስለሚያስተምር በእነርሱ ፈቃድ ላካፍላችሁ።

ባልየው 43 ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ ሐኪም ደም ግፊቱ ከፍ ማለት መጀመሩን ነግሮት ስፖርት እንዲሠራ መከረው። እርሱም ሳይውል ሳያድር ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ባለ ጂም ተመዘገበ። አሰልጣኙ አንድ ወረቀት ሰጠው። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ትከሻ፣ ሐሙስ እግር፣ ዓርብ ክንድ ይላል። አብዛኞቻችን ጂም ስንገባ የምንቀበለው ወረቀት ይኸው ነው። ወረቀቱ በራሱ ስሕተት የለበትም። አካልን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን አድክሞ መሥራት ከሰውነት ግንባታ ተወዳዳሪዎች የመጣ ልማድ ሲሆን፣ ሥራቸው ይኸው ለሆነ ሰዎች ይስማማል። ይህ ወንድማችን ግን የስድስትና የሁለት ዓመት ልጆች አባት ነው።

ቤት የሚገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆነ። ባለቤቱ ከሥራ 12 ሰዓት ላይ ትደርሳለች፤ እራት ትሠራለች፤ ልጆቹን ታጥባለች፤ የትልቁን የቤት ሥራ ታሳያለች። እርሱ ሲመጣ ልጆቹ ተኝተዋል፤ እርሷም ግማሽ ተኝታለች። ሁለት ወር ያህል ምንም አላለችም። በሦስተኛው ወር አንድ ምሽት ግን፣ «አንተ ጡንቻ ስታወጣ እኔ ወገቤን አጣሁ» አለችው።

እርሱ ለጤናዬ ነው ብሎ ተከራከረ። ሐኪሙንም ምስክር ጠራ። እርሷም መልስ አላጣችም። እንዲህ ያለው ክርክር በየቤታችን የሚታወቅ ስለሆነ አላረዝመውም። የሁለቱን ጉዳይ ከሌላው የለየው ግን አንድ ነገር ነው። ባልየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሠራውን ሁሉ በትንሽ ደብተር ይጽፍ ነበር፤ ሚስትየው ደግሞ በሙያዋ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በማግሥቱ ደብተሩን ጠየቀችው። በአንድ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመረች፤ ወደ ጎን የሳምንቱን ቀናት፣ ወደ ታች 12ቱን ሳምንታት። ከዚያም የሄደበትን ቀን በሙሉ በ«✓» ሞላችው።

በ12 ሳምንት ውስጥ በወረቀቱ መሠረት 60 ቀን መሄድ ነበረበት። የሄደው 34 ቀን ነው። ሰኞ 11፣ ማክሰኞ 9፣ ረቡዕ 6፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 5። ሐሙስ ለምን አነሰ? ሐሙስ ማታ የቤት ኅብረት የሚመራው እርሱ ስለሆነ ነው። ዓርብ ለቅሶ መድረስም፣ እንግዳም፣ ድካምም ይኖራል። ሚስትየው ሠንጠረዡን አየት አድርጋ፣ «እኔ ምልህ፣ እግርህ ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የሚሄደው?» ብላ ሳቀች። እርሱም ሳቀ። ደረቱ 11 ጊዜ ሲሠራ እግሩ የተሠራው ሦስት ጊዜ ነው!

«እንግዲህ ሰነፍ ነኝ ማለት ነዋ» ሲላት፣ «34 ቀን የሄደ ሰው ሰነፍ አይባልም። ግን ለሳምንት ሲካፈል ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። የሌለህን ቀን በጀት ይዘህ ነው የተነሣኸው» አለችው።

ወገኖቼ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፕሮግራም ስንመርጥ ሁላችንም የምናየው የምንሠራበትን ቀን ነው። መታየት ያለበት ግን የምንቀርበት ቀን ነው። መቅረት አይቀርምና። ልጅ ያተኩሰዋል፤ ታክሲ ይጠፋል፤ የመዘምራን ልምምድ ይራዘማል፤ ሠርግ አለ፤ ለቅሶ አለ። አካልን ለአምስት ቀን የከፋፈለ ፕሮግራም የያዘ ሰው አንድ ሐሙስ ሲቀር እግሩ ለ14 ቀናት ምንም ሳይሠራ ይከርማል። ሁለት ሐሙስ ከቀረ 21 ቀን ነው። መላ አካልን በአንድ ቀን የሚያዳርስ ፕሮግራም የያዘ ሰው ግን አንድ ቀን ቢቀር ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ይጎድልበታል እንጂ ጨርሶ የሚረሳ የአካል ክፍል አይኖረውም። እንግዲህ ሁለት ፕሮግራም ቀርቦላችሁ ለመምረጥ ብትቸገሩ፣ «ከዚህ ላይ አንድ ቀን ብቀር ምኑ ይጎድልብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀን መቀነስ ጉዳት የለውም ወይ? የሚል ይኖራል። በዚህ በኩል ምርምሩ የሚያጽናና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ላይ ለአዋቂዎች የሚመክረው፣ ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች ሁሉ የሚያዳርስ የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ነው። (ይህ እንግዲህ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ከሚሆነው የእግር ጉዞና የመሳሰለው ጋር ተጨምሮ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።) ጥናቶች እንደሚያሳዩትም የሳምንቱ ጠቅላላ ሥራ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ያንኑ በሁለት ቀን ወይም በአራት ቀን ማካፈል በጡንቻ እድገት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው።

ብዙ መሥራት ሁልጊዜ የተሻለ አለመሆኑን በልምድ የተማሩት እኛ ብቻ አይደለንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶማስ ዴሎርም የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቺካጎ በሚገኘው ጋርዲነር ጄኔራል ሆስፒታል ውስጥ እግራቸውና ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክም ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ልማድ ለእነዚህ ሰዎች ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ ማስነሣት ነበር። እርሱ ግን ከባድ ነገር፣ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ክብደት ሰጣቸው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። መጀመሪያ ያዘዘው ከ7 እስከ 10 ዙር፣ በእያንዳንዱም ዙር 10 ድግግሞሽ ነበር። በሽተኞቹን እያየ ከቆየ በኋላ ግን ይህ ከሚገባው በላይ መሆኑን ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከባልደረባው ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ሥራውን ወደ ሦስት ዙር አወረደው። የመጀመሪያው ዙር ሰውየው አሥር ጊዜ ብቻ ማንሣት ከሚችለው ክብደት በግማሹ፣ ሁለተኛው በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛው በሙሉው ይሠራል። ዛሬ በየጂሙ የምንሰማት «ሦስት ዙር፣ አሥር አሥር ጊዜ» የምትለው ነገር ሥሯ እዚያ ነው።

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ሁለቱ የወሰኑት በጣም በከፋው ሳምንት እንኳ ሊገኝ የሚችለውን ቀን በጀት ለማድረግ ነው። ይህም ሁለት ቀን ሆነ፤ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ 40 ደቂቃ፣ እዚያው ቤት ውስጥ። ሚስትየው ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፤ «እኔም እሠራለሁ።»

እርሱ መጀመሪያ ክብደት የሴት ነገር አልመሰለውም ነበር። እርሷም ብትሆን «ወንድ እመስል ይሆን?» የሚል ሥጋት አልጠፋባትም። እህቶቼ፣ ይህን ፍርሃት ብዙዎቻችሁ ስለምታነሡት ግልጽ ላድርገው። የሴት ሰውነት ጡንቻን የሚያገዝፈው ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን ከወንዱ በጣም ያነሰ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በመሥራት ሳይታሰብ ወንድ የመሰለች ሴት የለችም። ይልቁንም ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ አጥንት ቶሎ ስለሚሳሳ፣ ክብደት ማንሣት ከወንዱ ይልቅ ለሴቷ ያስፈልጋታል ብንል ማጋነን አይሆንም። ደግሞስ መቼ ሳታነሣ ቀረችና! በጂሙ ውስጥ ያለው ባዶው የወንዶች ባር 20 ኪሎ ነው። ውኃ በጠፋ ቁጥር ከቦቴ ቀድታ ደረጃ የምትወጣበት ጄሪካንም ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ጂም ውስጥ በአሰልጣኝ ቁጥጥር የሚነሣ ሲሆን፣ ሌላው ማንም ሳያስተምራት ወገቧን አጣማ የምታነሣው መሆኑ ነው።

ያው ጄሪካን የቤታቸው ዋና መሣሪያ ሆነ። እንዲያውም እኔ ከጂሙ ብረት ይልቅ እርሱን ብመርጥ ደስ ይለኛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ክብደቱን ጥቂት በጥቂት መጨመር ይቻላል። ባልየው ይሠራበት የነበረው ጂም ትንሿ ብረት 2.5 ኪሎ ነበረች፤ በሁለቱም ወገን ስትገባ በአንድ ጊዜ 5 ኪሎ ትጨምራለች። ለጀማሪ ይህ ብዙ ነው። ከጄሪካኑ ሌላ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አሸዋ ተሞልቶ (እያንዳንዱ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል)፣ አንድ የልጁ የቆየ የትምህርት ቤት ቦርሳና አንድ የማይነቃነቅ ወንበር አዘጋጁ። በልጅነታችን ሰፈር ውስጥ የኒዶ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን በቧንቧ ብረት እናያይዝ እንደነበረ ለምናስታውስ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

እንቅስቃሴዎቹን የመረጡት በጡንቻ ስም ሳይሆን ሰው በቀን ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው። ቁጢጥ ብሎ መነሣት አንድ ነው፤ መጀመሪያ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ በማለት፣ ቆይቶ ቦርሳውን አቅፎ። ከመሬት ማንሣት ሁለተኛው ነው፤ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ ታጥፎ፣ ጄሪካኑን ወደ ሰውነት አስጠግቶ። ከዚያ መግፋት ይመጣል። ፑሽ አፕ መሬት ላይ ሲሠራ እጃችን የሚሸከመው ከሰውነታችን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ስለሆነ፣ ላልለመደ ሰው ከግድግዳ ጀምሮ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መሬት መውረድ ይሻላል። ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ወደ ጎድን መሳብ፣ መጨረሻም ጄሪካኑን በአንድ እጅ ይዞ ግቢውን መዞር። በቃ፣ አምስት ነው።

ታዲያ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ባልየው የጂሙን ልማድ ይዞ ለሁለቱም አራት አራት ዙር አዘዘ። ሚስትየው እስከ ማክሰኞ ድረስ ደረጃ የወረደችው ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ይህ ዓይነቱ የጡንቻ መዛል በአንድና በሦስት ቀን መካከል የሚጠነክር፣ ከዚያም በራሱ የሚለቅ በመሆኑ አያስፈራም፤ ግን ሰውን ያስቀራል። ማክሰኞ አልሠራችም። ደብተሩ ላይም «ቀረሁ፤ ምክንያት፦ ባሌ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ በሁለት ዙር ጀመሩ፤ በእያንዳንዱም ዙር ሁለት ወይም ሦስት ድግግሞሽ ሊጨመር ይችል በነበረበት ቦታ ላይ ማቆም ተለማመዱ።

ሁለተኛው ችግር ክብደቱ አልነበረም፤ አፍ ነበር። እርሷ በሠራች ቁጥር እርሱ ያርማታል። ጉልበትሽን፣ ጀርባሽን፣ እንዲህ ሳይሆን እንዲያ። አንድ ቀን ጄሪካኑን አስቀምጣ፣ «አሰልጣኝ ብፈልግ እከፍል ነበር» አለችው። ይህን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ መኪና መንዳት ለሚስቱ ያስተማረ ባል ሁሉ ይገባዋልና። መፍትሔው ቀላል ሆነ። ሰዓቱ የጋራ፣ እንቅስቃሴው የጋራ፣ ክብደቱና ደብተሩ ግን የየራስ። አንዱ ሌላውን የሚያርመው ሲጠየቅ ብቻ ነው። እርሱ በ20 ሊትር ሲሠራ እርሷ በ10 ጀመረች፤ ማንም ከማንም ጋር አይወዳደርም።

ክብደት መቼ ይጨመር ለሚለው የተጠቀሙበት ደንብ አሰልጣኞች ዘንድ የታወቀ ነው። በመጨረሻው ዙር ላይ ካሰባችሁት ሁለት ድግግሞሽ ትርፍ መሥራት ከቻላችሁ፣ ይህም በሁለት ተከታታይ የሥራ ቀናት ከተደገመ፣ ያኔ ጨምሩ። ጭማሪው ከነበረው ክብደት አንድ አሥረኛ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ለ10 ሊትሩ ጄሪካን አንድ ሊትር ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ክብደቱንም፣ ዙሩንም፣ እንቅስቃሴውንም በአንድ ሳምንት የለወጠ ሰው የተሻለውን ወይም ያመመውን ነገር ለይቶ ማወቅ አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበታችሁ ቶሎ ሲጨምር ብታዩም ጡንቻው ገና አላደገም፤ በአብዛኛው ነርቮች ጡንቻውን ማዘዝ እየለመዱ ነው። ስለዚህ በመስታወት ፈርዳችሁ ፕሮግራም አትቀይሩ። ቢያንስ 12 ሳምንት ጠብቁ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸውን ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ቡአ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ስታነሡ ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ ትንፋሽ ይዞ መጋፋት የደም ግፊትን ለጊዜው በጣም ከፍ ያደርጋልና። የዛለ ጡንቻና የሚወጋ መገጣጠሚያ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከመጣ ያንን እንቅስቃሴ አቁሙ። ስለ ፕሮቲን ዱቄት ለምትጠይቁ ጊዜው ሲደርስ ራሱን በቻለ ጽሑፍ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚስትየው እናት ከእነርሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ከወንበር ሲነሡ ሁልጊዜ ሁለት እጃቸውን ተደግፈው ነው፤ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ሰው ይከተላቸዋል። ልጆቹ ቁጭ ብድግ ሲሉ ከጥግ እያዩ፣ «ጉድ እኮ ነው፣ በገንዘብ የሚገዛ ድካም!» ይሉ ነበር። ልጃቸው ግን አንድ ቀን ወንበሩን አስጠጋችላቸው። ሽማግሌ ሰው ጉልበቱ አይመለስም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ያሳየ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮኔ የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የሚገኙ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ አሥር ደካማ ሰዎችን ለስምንት ሳምንታት የእግር ጡንቻ ማጠንከሪያ በከባድ ክብደት አሠሯቸው። ዘጠኙ ጨረሱ። የዘጠኙ ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይመክራል፤ እንዳይወድቁ ነው።

እማማ በአንድ ትራስ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ጀመሩ፤ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ፣ ልጃቸው ከፊት ቆማ እጃቸውን ሳትነካ እየተጠባበቀች። ትራሱ በሦስተኛው ወር ተነሣ። አሁን መታጠቢያ ቤት ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ከኋላ የሚከተላቸውንም ይቆጣሉ።

የባልና ሚስቱን ደብተር በቅርቡ አይቼዋለሁ። በመጨረሻዎቹ 12 ሳምንታት በጀቱ 24 ቀን ነበር፤ ባልየው 21 ቀን ሠርቷል። የቀሩት ሦስቱ አንድ ሠርግ፣ አንድ ለቅሶና አንድ የልጅ ትኩሳት ናቸው። እግሩም 21 ጊዜ ተሠርቷል። የደም ግፊቱን ሐኪሙ እየተከታተለው ነው፤ መድኃኒት እስካሁን አላዘዘለትም። ባልየው ግን ጂም ውስጥ የለመደውን ቤንች ፕሬስ ጨርሶ አልረሳውም። በወር አንድ ቀን እንኳ ደረቱን ብረት ላይ መሥራት እንደሚፈልግ በጽሑፍ አመልክቷል። ሚስትየው ማመልከቻውን ተቀብላ በደብተሩ ኅዳግ ላይ፣ «ትርፍ በጀት ሲኖር ይታያል» የሚል መልስ ሰጥታለች።